ለልጄ የሸመንኩት የጠመንጃ ማንገቻ

የመጀመሪያ ልጄን ባረገዝኩበት ዓመት፣ አዋሳ ውስጥ በቀበሌያችን ሱቅ ጨርቅ «በቅርቡ ይመጣል» ይባል ነበር። ይህ «በቅርቡ» ከእርግዝናዬ እንደሚረዝም ሲገባኝ የልጄን መታቀፊያ ራሴ ልሸምን ቆረጥኩ። ክሩን እናቴ ፈትላ ከወላይታ ልካልኛለች። የጎደለኝ ጭን ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መሸመኛ ብቻ ነበር።

በሰፈራችን አንድ የጋሞ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። «እሳቸው ይሥሩልኝ» ስል ባለቤቴ ተቆጣ። ባለቤቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕንጻ ንድፍ ይሠራ ነበር። ከነደፋቸው ሕንጻዎች አንድም ሲቆም ባላይም፣ ወረቀት ላይ ሁሉም ያማሩ ነበሩ።

«እኔ ቁጭ ብዬ፣ አራት እንጨት ለማጋጠም ሰው ትለምኛለሽ?» አለኝ።

ሦስት ቀን ነደፈ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ። በአራተኛው ቀን ገና ውሃው ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ይዞ መጣ።

«እርጥብ ነው እኮ» አልኩት።

«ስሌቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።»

መሸመኛው የትሪ ስፋት ነበረው፤ የተሸመነውን የሚጠቀልል ዘንግም ነበረው። ማጉን የምመታው በጸጉር ማበጠሪያዬ ነበር። በሳምንቱ እንጨቱ ሲደርቅ አንዱ ጎን ተጣመመ። ድሩም አብሮት ላላ፤ ተወጥሮ የቀረው አራት ጣት ያህል ብቻ ነው። እኔም በእልህ እሱኑ ሸመንኩት። የወጣልኝ ረጅም ቀጭን ነገር ልጅ ሊታቀፍበት ቀርቶ አንገቱን እንኳ አይሸፍንም።

በዚህ መሐል የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል የሚታይ የእጅ ሥራ ልትሰበስብ መጣች። ጨርቁን አንስታ ሳበችው፤ ፊቷ በራ።

«ጓድ! የሚሊሺያ ጠመንጃ ማንገቻ ነው አይደል?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት ባለቤቴ ቀደመኝ። «አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር! ሆን ብለን ነው ያጠበብነው።»

ልጄ ገና ሳይወለድ ልብሱን ለአብዮቱ አዋጣ። ማንገቻው አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ፤ ተጨበጨበ። በበዓሉ ሰልፍ ላይ አንድ ሚሊሺያ ጠመንጃውን አንግቶበት ወጣ። የእናቴ ክር ለስላሳ ነው፤ ክብደት ሲይዘው ተለጠጠ። ሰልፈኛው ከአደባባዩ ሳይደርስ ጠመንጃው ቁርጭምጭሚቱን ይመታው ጀመር። ከኋላው ያሉት ረድፉን አበላሹ፤ ሕዝቡ ሳቀ።

በማግስቱ ወደ ቀበሌ ተጠራን። ያን ጊዜ «አሻጥር» የምትባለው ቃል ሰውን ከቤቱ አውጥታ ታስቀር ነበር። ልጁ ሆዴ ውስጥ ይራገጣል።

«ማንገቻውን የሠራው ማነው?» አሉ የቀበሌው ኮሚቴ አባላት።

«እኔ...» ብዬ ስጀምር ባለቤቴ ብድግ አለ።

«ጥፋት ካለ የእኔ ነው። ንድፉ የእኔ ነው።»

የመሸመኛውን ንድፍ ወረቀት ዘረጋላቸው። ጀግንነት ይሁን ኩራት እስከ ዛሬ አልለየሁም፤ ያን ቀን ግን ከምወደው በላይ ወደድኩት። ኮሚቴው ወረቀቱን አገላብጦ መረመረ፤ ምንም ስላልገባው ምንም ጥፋት አላገኘበትም። በመጨረሻ ጥፋቱ የሚሊሺያው ትከሻ ተዳፋት መሆኑ ነው ተብሎ ተወሰነ። ምስኪኑ ሚሊሺያም ተግሣጽ ተሰጠው።

ከዚያ መሸመኛችንን ከቤት አንስቼ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሸማኔ ሄድኩ። ተቀብለው አገላበጡት።

«ልጄ፣ ይኼ አይጥ ይይዛል?»

«አባባ፣ መሸመኛ ነው።»

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አሉና ሳቃቸውን ዋጡ። ከአሮጌ በር የተረፈ ደረቅ እንጨት አውጥተው፣ ያለ አንዳች ወረቀት፣ እያወሩኝ ከሰዓት በኋላውን አዲስ መሸመኛ ሠርተው ጨረሱ። ድር አወጣጠሩንም እጄን ይዘው አሳዩኝ።

ሴት ልጄ ስትወለድ ሁለት ክንድ የሚሰፋ መታቀፊያ ጠበቃት፤ በሽማግሌው ጠባብ መሸመኛ የሸመንኳቸውን ሁለት ጨርቆች ጎን ለጎን ሰፍቼ ያሰፋሁት። ባለቤቴ መሐሉ ላይ ያለውን ስፌት በጣቱ ዳበሰና «ስፌቱ ቀጥ ብሏል» አለ። ከእሱ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም።