ፍሪዘር ውስጥ የገቡት ባቡሮች

ሔራን ዮፍታሔን ስታገባው መጻሕፍት እንዳሉት ታውቅ ነበር። ምን ዓይነት እንደሆኑ ግን አልጠየቀችም። ባሏ አንባቢ ቢሆን ደስ ይላታል እንጂ ምን ይከፋታል? ዕቃዋን ይዛ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ የሚባለው ጎዳና አጠገብ ካለው አፓርትመንቱ በገባች ማግስት ነው መደርደሪያውን ቀርባ ያየችው። ከላይ እስከ ታች ባቡር ነው። ያውም የዛሬ አይደለም፤ ከሰል እየበላ ጭስ የሚተፋ የድሮ የእንግሊዝ ባቡር።

«ሁሉም?» አለችው።

«ሁሉም» አላት፣ እንደ ጥፋተኛ ፈገግ ብሎ።

ዮፍታሔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። በአገሩ ባቡር የሚባል አላየም። ዲቪ ደርሶት የመጣባት ኮሎምበስም ብትሆን ሰው የሚሳፈርበት ባቡር የላትም፤ ዕቃ ጫኙ ብቻ ነው እያፏጨ የሚያልፈው። ነገሩ የጀመረው እንደመጣ፣ በመጀመሪያው በረዶ ነው። መኪና ስላልነበረው ወደሚሠራበት ዌርሃውስ፣ ወደ ዕቃ መጋዘኑ፣ የሚወስደውን ራይድ የሚጠብቀው መንገድ ዳር ካለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር፤ ለሙቀቱ ሲል። ዝም ብሎ መቀመጡ ሲያሳፍረው አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሳበ። ገጹ ሁሉ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር አጭር ጽሑፍ። ያችን አጭር ጽሑፍ አንድ በአንድ እየፈታ እንግሊዝኛውን አሻሻለ። ከሁሉ የማረከው ግን እንግሊዞቹ ለባቡሮቻቸው ስም ማውጣታቸው ነው። ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የወፍ ስም፣ የንጉሥ ስም፣ የግንብ ስም።

«አባቴ ጉራችና ቦራ የሚባሉ በሬዎች ነበሩት» አላት አንድ ቀን። «በስማቸው ካልጠራሻቸው ንቅንቅ አይሉም። ብረት ስም ሲወጣለት ግን ያየሁት እዚያ መጽሐፍ ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ መጽሐፍ በሸጠ ቁጥር፣ ያገለገለ የሰው ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ባየ ቁጥር ባዶ እጁን አይመለስም። ልጃቸው ያኤል አድጋ አፏን ስትፈታ ታሾፍበት ጀመር። «ዳድ፣ ዊ ዶንት ኢቨን ሃቭ ኤ ትሬን!» ባቡር እንኳ የለንም እኮ ማለቷ ነው።

«ለዚህ እኮ ነው የማነበው» ይላታል።

ሔራን ጋሃና በምትባለው ጎረቤት ከተማ፣ ኤርፖርቱ አካባቢ ካለ ሆቴል ክፍል አጽጂ ናት። የመጻሕፍቱን አቧራ በየሳምንቱ ትወለውላለች እንጂ አንዱንም ገልጣ አታውቅም። እንደ ባሏ ዘመዶች ታያቸው ነበር፤ ታከብራቸዋለች፣ ቦታ እንደያዙባት ግን አትረሳም።

ያኤል ካደገች በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ዮፍታሔ ዌርሃውሱ ውስጥ ፎርክሊፍት በሚሉት ዕቃ ማንሻ መኪና ሥራ ላይ ሳለ ከላይኛው ፎቅ የልብስ ማጠቢያ ቱቦ ፈነዳ። ሔራን ከሳሎን የሆነ ነገር ሲንጠባጠብ ሰምታ ስትወጣ ኮርኒሱ አብጦ ውኃው መደርደሪያው ላይ ይወርዳል። «ያኤል!» ብላ ጮኸች። እናትና ልጅ እየተቀባበሉ መጽሐፉን ወደ መኝታ ቤት አጓጓዙ። ጥቂቱ ድኗል፤ አብዛኛው ግን እንደ ሰፍነግ ጠጥቷል። ሔራን በፀጉር ማድረቂያ አንዱን ጀመረች፤ ገጾቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አልላቀቅ አሏት።

ያኤል ቤተ መጻሕፍቱን ኮል አደረገች። ያነጋገረቻት ሴት፣ እንዲህ ዓይነት የሚያብረቀርቅ ወረቀት ተዘግቶ ከደረቀ ሙጫ ይሆናል፤ ዛሬ ማድረቅ የማትችሉትን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱና አንድ አንድ እያወጣችሁ አድርቁ አለቻት።

ሔራን ጊዜ አላጠፋችም። በርበሬው ወጣ፣ ቅቤው ወጣ፣ ሥጋው ወጣ። ፍሪዘሩ ጢም ብሎ ሞልቶም ገና ብዙ መጽሐፍ ቀረ። ያን ጊዜ ፊት ለፊት የሚኖሩትን የደሴዋን እትዬ ሩቅያን አንኳኳች። እሳቸው ትልቅ ፍሪዘር አላቸው።

እትዬ ሩቅያ ነገሩን ከሰሙ በኋላ በፕላስቲክ የተጠቀለሉትን መጻሕፍት አገላብጠው አዩ። «የኔ ልጅ፣ እዚህ ፍሪዘር ሐላል ካልሆነ አይገባም። ይኼን ባቡር ማን ነው ያረደው?»

«ከሰል ነው የሚበላው እትዬ። ሥጋ አይነካም» አለች ሔራን። ውኃው ከወረደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። እትዬ ሩቅያም እየሳቁ የበጉን ሥጋ ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁላት።

ዮፍታሔ ሲመለስ ቤቱ በጥብስ ሽታ ታውዷል፤ ፍሪዘር ያጣው ሥጋ ሁሉ ድስት ገብቷል። አልጋውም፣ ወለሉም፣ የምግብ ጠረጴዛውም ላይ መጻሕፍት እንደ ድንኳን ተከፍተው ቆመዋል። ሰውዬው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ለምን ኮል አላደረግሽልኝም?»

«ፎርክሊፍት ላይ ሆነህ ብነግርህ ሰው ትገጫለህ ብዬ ነዋ። የቀሩት እዚያ ናቸው» ብላ ወደ ፍሪዘሩ ጠቆመችው።

ከፈተው። ባቡሮቹ ውርጭ ለብሰው ተደርድረዋል። «ሥጋውን አውጥተሽ?» አላት።

«ሥጋ ይገዛል» አለችው።

ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ግን ፊቱን ወደ ፍሪዘሩ መልሶ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ ሔራንም እንዳላየ ሰው ጥብሱን ማማሰል ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ መጽሐፍ ያወጣሉ። እሱ ገጹን በቀስታ ይለያል፣ እሷ በየመሐሉ ፎጣ ወረቀት ታስገባለች። እንዲህ ሲያደርጉ ነው አንድ ፎቶ ላይ እጇ የቆመው። ሻሽ ያሰሩ ሴቶች፣ ጨርቅ ይዘው፣ ግዙፍ ባቡር ጀርባ ላይ ወጥተዋል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ ባቡር የሚያጸዱት እነሱ ነበሩ» አላት።

አጎንብሳ አየቻቸው። «ይቺን እያት፤ አያያዟን ስታውቅበት! ያቺ ደግሞ ወገቧን አሟታል። ያማታል እንጂ፣ እንዲያ ተንጠራርታ!» ዮፍታሔ ያን ፎቶ ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ የሴትየዋን ወገብ ግን ልብ ብሎ አያውቅም። ወረቀቱ እስኪደርቅ ድረስ ሔራን ስለ ሴቶቹ ጠየቀችው፤ ምን ይበሉ እንደነበር፣ ጥቀርሻው በምን እንደሚለቅ። የማያውቀውን ሁሉ ሊፈልግላት ቃል ገባ።

በዓመቱ ቤተሰብ ሊጠይቁ ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ሲነሡ ሔራን ያኤልን «ትኬቱን በለንደን አድርጊው፤ ጥቂት ቀን እንደር» አለቻት። ዮፍታሔ ሲነገረው ተነሥቶ መኪናውን ሊያጥብ ብሎ ወጣ፤ ዝናብ እየዘነበ ነበር።

በሰሜን እንግሊዝ፣ የድሮ ባቡር ከሚሄድባት ትንሽ ከተማ ሲደርሱ ጧት ነበር። ባቡሩ አረንጓዴ ነው፣ ናሱ ያበራል፣ የዘይትና የፍል ውኃ ሽታ ይሸታል። ዮፍታሔ ቆቡን አወለቀ። ነጂው ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ከየት እንደመጡ ሲጠይቀው ያ ሁሉ የቃረመው እንግሊዝኛ ጥሎት ሄደ፤ «ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ» ብላ የመለሰችለት ያኤል ናት።

ተሳፈሩ። ወንበሩ ለስላሳ፣ ፉርጎው ሙቅ ነው። ዮፍታሔ አውሮፕላን ላይም ሆነ ሆቴል በደስታ ብዛት ዓይኑን አልከደነም። ባቡሩ ጣቢያውን ለቆ ገና ጉልበት ሳያገኝ ራሱ ሔራን ትከሻ ላይ ወደቀ።

«ማም! ሂ ኢዝ ስሊፒንግ! ዌክ ሂም አፕ!»

ሔራን ልትቀሰቅሰው እጇን ሰነዘረች፤ ከዚያ ፊቱን አየችና ተወችው። «ተይው፤ እኔ አይለታለሁ» አለች። ትከሻዋን ሳታነቃንቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። በጎቹን አየች፣ ድልድዩን አየች፣ ጭሱ በሣሩ ላይ ተኝቶ ሲሄድ አየች፤ የየጣቢያውን ስም እንደ ተማሪ በከንፈሯ ደጋገመች።

መጨረሻው ጣቢያ ላይ ሲነቃ ደነገጠ። «አመለጠኝ?»

«ምንም አላመለጠህም። ቁጭ በል ልንገርህ።»

ጀመረችለት። እሱ ጥያቄ አያልቅበትም፤ ድልድዩ ከድንጋይ ነው ከብረት? ዳገቱ ላይ ድምፁ ተለወጠ ወይ? ከድንጋይ ነው አለችው። ድምፁንማ ትከሻዋ ላይ እያንኮራፋ እንዴት ትስማው? ያኤል በሳቅ ፈረሰች። ባቡሩ ለመመለስ ሲያፏጭ ሔራን ገና ግማሹን እንኳ አልነገረችውም ነበር።