ሦስቱ የባትሪ ድንጋዮች

ከተማችን ጭሮ መብራት አላት፤ የኛ ሰፈር መንገድ ላይ ግን አምፖል የለም። ከቤቴ ወደ መስጊድ በሚወስደው ቁልቁለት መሃል ደግሞ የጎርፍ ቦይ አለ። ባለፈው ክረምት እዚያ ገብቼ ጉልበቴ ተላጠ። ባለቤቴ ቁስሉን እያጠበች፣ «ያ ጃርሳ» አለችኝ፤ ሽማግሌው ማለቷ ነው። «የባትሪህ መብራት አንድ ቀን መንገድ ላይ ከጠፋብህ፣ ከዚያ ወዲያ ሱብሂን ቤትህ ትሰግዳለህ።»

«እሺ» አልኩ። ወላሂ፣ ሌላው ጉልበቴም ቢላጥ ይሻለኝ ነበር። ጎህ ሳይቀድ በእግሬ መስጊድ መድረስ ከጉልምስናዬ የቀረኝ አንድ ነገር ነው።

ባትሪዬ ሦስት ድንጋይ የምትጎርስ የቆርቆሮ ናት። ልጄ በቻርጅ የሚሠራ አምጥታልኝ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር እሱም አብሮ ይሄዳል፤ መለስኩላት።

በድንጋይ ነገር ማንም አይመክረኝም እል ነበር። ሲደክም በጥርሴ ነከስ አደርገዋለሁ፣ ጣሪያ ላይ አውጥቼ ፀሐይ አሞቀዋለሁ፣ አንድ ሁለት ቀን ይነሳል። ሦስቱን ባንዴ ግን ቀይሬ አላውቅም። አንድ አዲስ ከሁለት አሮጌ ጋር እጠምዳለሁ። ወይፈን ከአሮጌ በሬ ጋር ይጠመድ የለም እንዴ?

«እና እርሻው ሲያልቅ ምላሱን የሚያወጣው ማነው?» አለች ባለቤቴ።

«ወይፈኑ ነዋ።»

«በል እንግዲህ!»

«ድንጋይ ምላስ የለውም» ብያት ወጣሁ።

በማግስቱ ቦዩ አፍ ላይ ስደርስ መብራቷ ቀላ አለና ድርግም። መታኋት፣ ነቀነቅኋት፣ ወይ ፍንክች! እግሬን ብሰድ መሬት አጣሁ፤ መለስኩት። ኢማሙ ሲቀራ ከታች እየሰማሁ፣ እንደ አጥር እንጨት ቆሜ ነጋ።

ሲነጋ ገበያ ወረድኩ፣ ባትሪና ሬዲዮ ከሚጠግነው የሂርና ሰው ዘንድ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በሽቦ ከአምፖል ጋር አነካካቸው። ሳምንት ያልሞላው አዲሱ እንኳ ጭል አላለም። ከአሮጌዎቹ አንዱ ፈሶ የባትሪዋን ሞላ አዝጎታል።

«አባ፣ ይሄን አዲስ ማን ገደለው?»

«እኔ።»

«እነዚህ ሁለቱ ናቸው የጨረሱት። አብረው ይግቡ፣ አብረው ይውጡ። ባትሪዋ ሥራ ስትፈታም አውጥተው ያስቀምጧቸው።» ዝገቱን በቢላ ጫፍ ፋቀልኝ፤ አንድ ዓይነት ሦስት አዲስ ገዛሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ፣ «ዛሬ ሶላቱ ረዘመሳ» አለች። መዋሸት እችል ነበር።

«ጠፋችብኝ። አልደረስኩም» አልኳት።

ባትሪዋን ተቀብላ ክዳኑን ፈታች፣ ድንጋዮቹን መዳፏ ላይ አወጣቻቸው።

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ምላስ አላቸው ማለት ነው።»

መልሳ ከተተቻቸውና ባትሪዋን ለነገ ሱብሂ ጫማዬ አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

አሁን በየማለዳው በር ላይ ትቆማለች። ቦዩን ስሻገር መብራቱን ወደሷ አንዴ ከፍ አደርጋለሁ። ያኔ በሩ ሲዘጋ ይሰማኛል።