መረሬ ላይ የተሠራው ቤት

አዲስ አበባ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ነው ሲባል እኔ ለንደን፣ ኬኒንግተን ነበርኩ። እናቴ ከወንድሜ ጋር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ስደውል ሁሉም «ደህና ነን» ይሉኛል። እኛ ዘንድ ግን ውጭ አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ሰው ቢሞት እንኳ ወዳጅ ዘመድ ተሰባስቦ በጠዋት ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳው። ስለዚህ «ደህና ነን» ሲሉኝ ይብስ እፈራለሁ። በዚያ ሰሞን ጠዋት የበር ደወል ሲጮኽ ስንት ሰው እንደቆመ በመስኮት ሳላይ አልከፍትም ነበር።

እናቴ ከፎቅ ትውረድልኝ ብዬ ወንድሜን ነዘነዝኩት። አክስቴ እዚያው ከተማ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ምድር ቤት አላት፤ በሩን ከፍተው ሲወጡ ግቢ ነው። ከዚያ የተሻለ ቦታ አልታየኝም። ወንድሜ ሲሰለቸው ወሰዳት።

ቅዳሜ ምሳ ስንበላ ለልጄ ነገርኳት። እዚሁ ለንደን የተወለደች ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ሥራ ትማራለች። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«ማሚ፣ ከቤቱ ሥር ምን እንዳለ ቼክ አድርገሻል?»

«አፈር ነዋ! ሌላ ምን ይኖራል?»

«ምን ዓይነት አፈር?»

መረሬ ነው። በክረምት ጫማ የሚነጥቅ፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር። የአክስቴ አጥር በየዓመቱ ይዘማል። ይህን ስነግራት ከፍሪጅ ሳህን ላይ የረጋ ጄሊ፣ ያን ለስላሳ ጣፋጭ፣ አወጣችና ሳህኑን ነቅነቅ አድርጋ አቆመችው። ሳህኑ ቆመ። ጄሊው ግን ገና ይርገበገባል።

«ድንጋይ መሬት እንደ ሳህኑ ነው» አለችኝ። «ለስላሳው መሬት ግን ንዝረቱን ያበዛዋል፣ ያቆየዋል። ፎቅ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ምን ላይ እንደቆመና እንዴት እንደተሠራም ነው።»

የወንድሜ ኮንዶሚኒየም ተራራ ሥር ነው። መሠረቱ ሲቆፈር አለቱን በስንት መከራ እንደፈለጡት ነግሮኛል። ክው አልኩ።

ወዲያው በቪዲዮ ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ፊቷ ላይ ለጥፋ ግንባሯ ብቻ ይታየኛል።

«እማዬ፣ እስቲ ግድግዳውን አሳዪኝ።»

«የእኔን ፊት ትተሽ ግድግዳ ናፈቀሽ?»

«አሳዪኝ ስልሽ!»

«ትንሽ ስንጥቅ ናት፤ ከእኔ ፊት አትብስም።»

ልጄ ሳቀች። እኔ በልጄ ስልክ ለወንድሜ ደወልኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አውርድ ብለሽ አወረድኩ፤ አሁን ደግሞ አውጣ?» አለኝ። ግን መኪናውን አስነሳ።

እስኪደርስ ከእናቴ ጋር ቆየሁ። ድንገት ምስሉ ተወዛወዘ፤ ጣሪያው፣ አምፖሉ፣ ከዚያ ጨለማ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ይሰማኛል። ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ። ቆይቶ ብርሃን መጣ። እናቴ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ አክስቴ አጠገቧ ትጸልያለች።

«ነጠላዬን ላምጣ» አለች እናቴ።

«አትግቢ!»

«ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እያየኝ፣ እንዲህ ራቁቴን?»

«እማዬ፣ በእመቤታችን ተዪው!»

ስልኩን እንደያዘች ወደ በሩ ስትሄድ አያለሁ፤ ከለንደን ሆኜ እጇን መያዝ አልችልም። አክስቴ ደረሰችና ከኋላ ጎተተቻት። የራሷን ነጠላ አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችባት፤ እሷ በሻሿ ብቻ ቀረች።

ወንድሜ ሲመጣ እናቴ ያለ አክስቴ መኪና አልገባም አለች።

«አንድ አምጣ ተብዬ ሁለት ጫንኩ» አለኝ። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወጥተው እስኪጨርሱ ስልኩን አልዘጋሁም። ሁለቱ አሮጊቶች በየፎቁ እየቆሙ ሲያለከልኩ፣ ሌላ ንዝረት እዚያው ደረጃ ላይ እንዳያገኛቸው እመቤታችንን እየለመንኩ እሰማ ነበር።