ቀኑን የዋጠው ማኅተም

ጋሽ ሜትርን ሰፈሩ በዚህ ስም የሚጠራቸው፣ ሜትራቸው ከቀበቶአቸው ወርዶ ስለማያውቅ ነው። ሠላሳ ዓመት ቁም ሣጥንና አልጋ ሲሠሩ ኖረው፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ኮሌጅ ገቡ፤ ቅዳሜና እሁድ የቤት ዕቃ ንድፍ በኮምፒውተር መሣል ይማራሉ።

የመመረቂያ ሥራቸው ታጣፊ ጠረጴዛ ነው። የሚሥሉበት ሶፍትዌር ግን የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ አራት ቀን ቀረው። ካለቀ ንድፉ ይቆለፋል፤ ምረቃውም ለከርሞ። ሙሉ ዋጋው አይቀመስም። ለተማሪ ቅናሽ አለ፤ የሚጠየቀውም ስም፣ ኮሌጅና የዘንድሮ ቀን የሚነበብበት ደብዳቤ ብቻ ነው። ስለ ማኅተም አንድም ቃል የለም።

የኮሌጁ ሬጅስትራር ግን ያለ ማኅተም መተንፈስ የሚችል አይመስልም። ደብዳቤ እንዳይጭበረበር ብሎ ማኅተሙን ቀኑ ላይ ያሳርፋል፤ ያውም ሁለቴ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። ጋሽ ሜትር ደብዳቤውን ፎቶ አንስተው ለሶፍትዌሩ ኩባንያ ሲልኩ መልስ መጣ፦ "ቀኑ አይነበብም።"

"ልጄ፣ እስቲ ወደ ጎን አድርግልኝ" አሉት ተመልሰው።

"ጋሼ፣ ቀኑ ላይ ያላረፈ ማኅተም ምኑን ማኅተም ሆነ?"

"ሰዎቹ እኮ የሚፈልጉት ቀኑን ነው!"

"ማኅተም አይተው ካላመኑ፣ አጭበርባሪዎቹ እነሱ ናቸው!" አለና አዲስ ጽፎ፣ ይባስ ብሎ ሦስቴ ደለቀበት።

ያም ውድቅ ሆነ። ሴት ልጃቸው ወረቀቱን አይታ፣ "አባዬ፣ ይሄ ደብዳቤ ነው ወይስ የተደፋ ቀለም?" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጋሽ ሜትር አልሳቁም። የቀራቸው አንድ ቀን ነው።

በማግሥቱ ለሦስተኛ ጊዜ አስጻፉ። ሬጅስትራሩ ፈረመ፣ ቀን ጻፈ፣ ከዚያ ማኅተሙን ሊያወጣ ጎንበስ አለ። ማኅተሙን በተቆለፈ መሳቢያ፣ ቁልፉን በሌላ የተቆለፈ መሳቢያ ነው የሚያኖረው፤ ወርቅ የሚጠብቅ ይመስል። እሱ ቁልፍ ለቁልፍ ሲንኮሻኮሽ ጋሽ ሜትር ስልካቸውን አውጥተው ወረቀቱን ፎቶ አነሱት።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"የእጅህ ጽሑፍ አምሮኝ ነው።"

ፊቱ በራ። በዚያው ደስታ ማኅተሙን አራት ጊዜ አወረደው።

ጋሽ ሜትር ኮሪደሩ ላይ ቆመው ፎቶውን ላኩ። ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ የሶፍትዌሩ ፈቃድ በተማሪ ዋጋ ደረሳቸው። ከላይ ሬጅስትራሩ ወረቀቱን እያውለበለበ ጮኸ።

"ጋሼ! ደብዳቤዎን ረሱት!"

"አንተው ያዘው ልጄ! ማንበብ የሚችል ከተገኘ ታሳየዋለህ።"