ሳክሶኖቹ ነጭ ነበሩ

ግትር ነሽ የሚለኝ ሰው ሞልቷል። ይበል። እኔ ደግሞ የሆነውን ልናገር።

ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አባቴ ሐዲዱ ሲነጠፍ ጂቡቲ ወርዶ የቀረ ሰው ነው። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ ከፈረንሳይ ሚሲዮን መነኮሳት ዘንድ ፈረንሳይኛ ማንበብ ተምሬ፣ መጨረሻዬ አንድ ፈረንሳዊ የቆዳ ነጋዴ ቤት ልብስ አጣቢ መሆን ሆነ። በዚያ ሙቀት ከልብስ ማጠቢያ ሶዳ ውሃ ጋር ሦስት ዓመት ስታገል የጣቶቼ ቆዳ ተልጦ አለቀ። እናቴ ቅቤ ትቀባልኝና ፊቷን አዙራ ታለቅስ ነበር።

ሙሴው፣ ማለቴ ነጋዴው፣ አንድ ሱስ ነበረበት። ከአገሩ በሳጥን ያስመጣቸው፣ ጣት የሚያክሉ የእርሳስ ብረት ወታደሮች ነበሩት። እሑድ እሑድ በረንዳው ላይ፣ አልጋ በሚያህል ጠረጴዛ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ንጉሠ ነገሥታቸው የተዋጋውን ጦርነት እንደ አዲስ ይዋጋል። ጠላት የሚሆንለት እንግዳ አይጠፋም። ዳኛው ግን ሁልጊዜ ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ካፒቴን ነበሩ።

ወታደሮቹ ሲመጡ ቀለም አልነበራቸውም። ካፒቴኑ አንድ ቀን የጠረጴዛ ልብስ ጥልፍ ስጠግን አይተው፣ ይህች ልጅ ብሩሽ ትያዝ አሉ። በዚያው ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ወጣሁ። የየጦሩ ኮትና አንገትጌ ቀለም የተጻፈበትን ወፍራም መጽሐፍ አዋሱኝ፤ እኔም ሳላየው አንድ አዝራር እንኳ አልቀባም ነበር። ጣቶቼ ዳኑ። እናቴም ቅቤዋን ወጥ ውስጥ መጨመር ጀመረች።

ታዲያ ሙሴው ዋግራም የሚባለውን ጦርነት ልጫወት አለ። ፈረንሳዮች ከኦስትሪያ ጋር የተዋጉበት ነው። ኦስትሪያዎቹ ነጭ ኮት ለባሾች ናቸው። ከፈረንሳዮቹ ጎን የተሰለፉት ሳክሶኖች የሚባሉ ጀርመኖችም ነጭ ለባሾች ናቸው። መጽሐፉ እንደሚለው፣ የመጀመሪያው ቀን ሲመሽ፣ በጭሱ መሀል የገዛ ወገናቸው ጠላት መስለውት ተኮሰባቸው። ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። አንድ በአንድ ነጭ ቀባኋቸው።

ቅዳሜ ሙሴው መጥቶ አያቸውና ፊቱ ተለዋወጠ። ይህ ጨዋታ ያበላሻል፤ የእኔን ከጠላት እንዴት ልለይ ነው? ሰማያዊ አድርጊያቸው አለኝ። መጽሐፉን ገልጬ አሳየሁት። እጁን አወናጨፈና፣ ዓይን ያለው ሰው የገዛ ወታደሩ ላይ አይተኩስም፣ ይህ የጸሐፊ ወሬ ነው አለ። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፦

«እስከ ነገ ሰማያዊ ካልሆኑ ሰኞ ወደ ገንዳሽ ትመለሻለሽ።»

ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት፣ ለሞተ ፈረንጅ ኮት ብለሽ ነው እጅሽን የምታስበዪው? ብላ ተቆጣች። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። ጣቶቼን እያየሁ፣ ምን አለበት፣ ቀለም አይደል? ብዬ ራሴን ለመንኩ። ግን እንቢ አለኝ። እነዚያ ሰዎች በኮታቸው ምክንያት ነው የሞቱት። ሰማያዊ ብቀባቸው ለምን እንደሞቱ ማን ያውቃል? እንዴት ተደርጎ!

እሑድ ሙሴው በረንዳው ላይ ሲወጣ ሳክሶኖቹ ነጭ ሆነው ቆመው ጠበቁት። አፉን ከመክፈቱ በፊት ቀደምኩት፦

«ዛሬ እንዳሉ ይጫወቱባቸው፣ ሙሴ። እስከ መጨረሻው ከጠላት ለይተው ካዘዙ፣ በገዛ እጄ ሰማያዊ ቀብቼ ገንዳዬ እገባለሁ።»

ካፒቴኑ ጢማቸውን እየነካኩ፣ ሐቅ ነው አሉ። ሙሴውም በእንግዳው ፊት እንቢ ማለት አሳፍሮት ተቀመጠ። የካፒቴኑ ሕግ ጥብቅ ነው። አዛዥ ከጠረጴዛው ጫፍ ካለው ወንበሩ አይነሳም፤ ከዚያው ያየውን አይቶ ያዛል፣ ወታደሮቹን የሚያንቀሳቅሱት ካፒቴኑ ናቸው። የመድፍ ጭስ የሚሆነው የተባዘተ ጥጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድረስ ሙሴው አልተሳሳተም። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። በጨዋታው ውስጥ ምሽት ሲሆን ካፒቴኑ የበረንዳውን የእንጨት መዝጊያዎች ገፋ ገፋ አደረጓቸውና ጠረጴዛው ደብዘዝ አለ። ሳክሶኖቹ ይዘውት ከነበረው መንደር ተባርረው፣ በጥጡ መሀል አልፈው ወደ ፈረንሳዮቹ ይመለሱ ነበር። ሙሴው ከወንበሩ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ነጭ ኮት ወደ እሱ ሲመጣ አየ። ባለኝ መድፍ ሁሉ ተኩሱባቸው አለ።

ካፒቴኑ በማስመሪያቸው ለክተው የወደቁትን ለቀሙና እፊቱ ደረደሩለት።

«ሙሴ፣ እነዚህ የእርስዎ ናቸው» አልኩት።

ሙሴው አንዱን አንስቶ ኮቱን በአውራ ጣቱ አሻሸው። ሰኞ ለገንዳው ሌላ ሴት ተቀጠረች፤ እኔም ብሩሼን ይዤ ቀጠልኩ። አንጀቴ ራሰ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሙሴው ከማርሴይ የመጡ እንግዶችን ጠረጴዛው ዙሪያ ሰብስቦ ማስረዳት ጀመረ። «ሳክሶኖቹን እንዲህ ነጭ ያስደረግኳቸው እኔ ነኝ፣ ታሪክ ሲዛባ አልወድም፣ ቀቢዋማ ሰማያዊ ልታደርጋቸው ነበር» አለ። እኔ እዚያው ጥግ ቁጭ ብዬ የፈረስ ኮርቻ እየቀባሁ ነው። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። እሱም ዝም እንደምል ሳያምን አልቀረም። ካፒቴኑ በዚያ ቀን አልነበሩም፤ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም።

ብሩሼን አስቀምጬ ተነሳሁ።

«አይደለም፣ ሙሴ። ሰማያዊ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሙሴው ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ጠዋት ሶዳ ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ጣቶቼም በሳምንቱ ተላጡ፣ እናቴም ቅቤዋን አወጣች። ዛሬም ቢጠይቀኝ ያንኑ እለዋለሁ።