ራምዚ ጅማን የተወበት ዓርብ

ቅናት አጥንት ይበላል ይላሉ። አይበላም። እኔ በአንድ ሰው ላይ የዕድሜዬን ግማሽ ያህል ቀንቻለሁ፤ አጥንቴ ደህና ነው፣ ዳገት እወጣለሁ፣ እንቅልፌም አይጓደልም። የተበላው አንድ መንጋጋዬ ብቻ ነው፤ እሱንም የበላው ቅናት ሳይሆን የሐረር ጣፋጭ፣ ሐለዋ ነው። ሐለዋውን ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሸጥልኝ የኖረው የዚያው የምቀናበት ሰው አጎት ነው። ስለዚህ ምሳሌያዊ አነጋገር የሚወዱ ሰዎች በጥርስ ጉዳይ ባይገቡ ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት የባቢሌ ለውዝ ስቆረጥም ይኸው መንጋጋ ተሰነጠቀ። ጉንጬን ይዤ ከጀጎል በር ወጣ ብሎ ወዳለው የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩና ከተራ ጠባቂዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ከሶፊ ገጠር የመጣች ሴት ነበረች። ያበጠ ጉንጯን በሻሽ አስራለች፣ ግን ከእኔ ይልቅ የተረጋጋች እሷ ናት። ዓይኔን አይታ ፈሪ መሆኔ ገባት መሰለኝ፣ “አይዞህ ወንድሜ፣ የሐኪሙ እጅ ጥጥ ነው። ወላሂ ምንም አይሰማህም” አለችኝ። አመሰገንኳት። ስለዚያ ሰው እጅ ሰው ሲነግረኝ የመጀመሪያው አልነበረም። ስለ እኔ እጅ ግን እስከ ዛሬ ማንም ምንም ብሎ አያውቅም፤ እጄ የሚሠራው ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፍ ደግሞ ጥሩ ከሆነ እንኳ የሚመሰገነው ሐሳቡ ነው።

ባለ ጥጥ እጁ፣ ያ የምቀናበት ሰው፣ ራምዚ ነው። ከአንደኛ ክፍል እስከ አስራ ሁለተኛ አንድ ዴስክ ተጋርተናል። እሱ የጀጎል ልጅ ነው፤ የሐጂ ዩሱፍ የልጅ ልጅ፣ አጎቶችና አክስቶች የሞሉበት ግቢ ውስጥ ያደገ። እኔ ከግንቡ ውጭ የምኖር፣ ቅድመ አያቶቹ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ የክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ ነኝ። ቤተሰብ ስል እናቴንና እኔን ማለቴ ነው። አባቴ ሞቷል፣ እናቴ አስተማሪ ነበረች።

እነ ራምዚ ቤት መጀመሪያ የሄድኩበትን ቀን ሆዴ አይረሳውም። እናቱ ገና ከዘይት የወጣ ሳምቡሳ በሰፌድ አቀረቡልኝ። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ “ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ” አልኩ። በእኛ ቤት ወግ ይህ የጨዋታው መክፈቻ ነው። እንግዳው ጠግቤያለሁ ይላል፣ ባለቤቲቱ በሞቴ ትላለች፣ እንግዳው ኧረ አይሆንም ይላል፣ ትቆጣለች፣ ከዚያ ይበላል። የራምዚ እናት ግን “እሺ ልጄ” አሉና ሰፌዱን አነሱት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የሽንኩርቱንና የሥጋውን ሽታ እየማግሁ የሒሳብ ልምምድ ሠራሁ። ወደ ማታ ነገሩ የገባው ራምዚ በሩ ላይ በሳቅ ፈረሰ። “አንተ ሞኝ፣ እኛ ቤት ሰው ያለውን እናምናለን” አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሳይጠይቀኝ ፊቴ ያስቀምጥልኝ ጀመር።

የጥርስ ሐኪም እንሁን ያልነው በሐለዋው ሱቅ ደጃፍ ነው። ከትምህርት ስንወጣ እዚያ እንቀመጥ ነበር። ከድሬ ጠያራ ለገበያ የመጡ ሴቶች የያዙትን ሸጠው ሲጨርሱ ለልጆቻቸው ሐለዋ ይገዛሉ፣ ለራሳቸውም ቆንጠር ያደርጋሉ፣ ወዲያው ጉንጫቸውን ይይዛሉ። በዚያን ጊዜ ሐረር ውስጥ ጥርሱን ያመመው ሰው ወይ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ወይ ሻሹን አጥብቆ ያስራል። ይህን አይተን ዕቅዳችንን ለአጎቱ ስንነግረው ቢላውን በትሪው ላይ አስቀምጦ፣ “በጣም ጥሩ። እኔ እቆፍራለሁ፣ እናንተ ትደፍናላችሁ” አለን። ሁለታችንንም “ዶክተር” ይለን ጀመር። ያን ቃል ለሁለታችን እኩል ሲለው ደስ ይለኝ ነበር።

ምደባ የወጣው በነሐሴ፣ ቲኒ በሚበስልበት ወቅት ነው። ቲኒ የምንለው ሌላው አገር በለስ የሚለውን የቁልቋል ፍሬ ነው። ሁለታችንም ጅማ፣ ጥርስ ሕክምና ደረሰን። ዝናብ ባባሰው ድንጋያማ መንገድ ላይ እየተንሸራተትኩ ወደ ጀጎል ሮጥኩ። ራምዚን በሩ አጠገብ፣ ከቲኒ ሻጮች ፊት ቆሞ አገኘሁት። ሴትየዋ ልጣጩን በቢላ እየሰነጠቀች ትሰጠናለች፣ እኛ እንበላለን፣ እኔ ስለ ጅማ እለፈልፋለሁ። አንድ ክፍል እንከራያለን፣ መጽሐፍ እንካፈላለን። ራምዚ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ “አዲስ አበባም አለፍኩ” አለ።

ከጅዳ የመጣ ሌላ አጎቱ ክረምት ሲገባ ወስዶ አዲስ አበባ የሚገኝ የግል የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አስፈትኖት ነበር። አልነገረኝም፤ ይወድቅ መስሎት ነው። እኔ ፈተናው መኖሩንም አላውቅም፣ ባውቅም የሚከፍልልኝ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ የቲኒ እሾህ ከንፈሬ ላይ ገባ። አሁን ድረስ ቅናት ሲባል የሚታየኝ አጥንት አይደለም፤ ያ እሾህ ነው። ዓይን አያየውም፣ ስትናገር ግን ይወጋሃል።

አዲስ አበባን ተመኝቼ እንዳይመስላችሁ። የቀናሁት ሁለት ምርጫ ስላለው ነው። ለእኔ አንድ መንገድ ተሰጠኝ፣ እሄድበታለሁ፣ አለቀ። እሱ ግን የሚወስነው ነገር አለው። እናቴ ምደባዬን ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ፣ “ጅማ ጥሩ ነው፣ ማር አለ” አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች። የቤተሰባችን ጉባኤ ይህ ነበር። እነ ራምዚ ቤት ግን ከጓዳ እስከ ግቢው በር ድረስ የሚወራው “ጅማ ወይስ አዲስ አበባ” ሆነ። አክስት ከኮምቦልቻ መጣች። ጎረቤት ገብቶ ሐሳብ ይሰጣል። አንድ ልጅ ለመማር ሲሄድ አገር የሚሟገትለት እንዲህ ነው ወይ እያልኩ፣ የቀረበልኝን ቂጣ ይዤ፣ የእኔ ስም የሚነሳበትን ጊዜ እጠብቅ ነበር። ምኞቴ አንድ ነገር ነው፤ ራምዚ ጅማን እንዲመርጥ። ብለምነው ይመጣ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ሁለት ያለው ሰው አንድ ያለውን ይለምናል እንጂ አንድ ያለው አይለምንም አልኩ። የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ፍልስፍና ነው፤ አሁንም ያው ነኝ።

ውሳኔው የተሰጠው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በሐጂ ዩሱፍ ቤት ነው። የሐረር ቤት ውስጥ መቀመጫው እንደ ደረጃ የተደራረበ መደብ ነው፣ ነደባ ይሉታል። ከፍ ያለው ለትልልቆች ነው፤ ወጣት ዝቅ ካለው፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። እኔም ቦታዬን አውቄ በሩ ጥግ ልቀመጥ ስል ሐጂ በእጃቸው ጠሩኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ራምዚ ታች ቀረ። አዝነውልኝ ነው አልኩ በሆዴ። ብቻውን የሚቀር ሰው ለማጽናኛ ከፍ ብሎ ይቀመጣል።

ጫቱ ተዘረጋ፣ ለውዙ ቀረበ፣ ክርክሩ ተጀመረ። የጅዳው አጎት አዲስ አበባ ዘመድ አለ፣ ምግቡም ዘመናዊ ዕቃውም እዚያ ነው አለ። ባለ ሐለዋው ጅማ የመንግሥት ነው፣ የመንግሥት ወረቀት የትም ያስኬዳል አለ። አክስቲቱ ጅማ ዝናብ እንደማያባራባት ሰምታለች፣ ይህ ልጅ ደግሞ ጠል ሲነካው ያስላል። “ሊያክም ነው እንጂ ሊተከል አይደለም የሚሄደው” ብሎ ባለ ሐለዋው መለሰላት። ሁሉም ሳቀ። ራምዚ ብቻ አልሳቀም፤ እኔን ያያል።

ሐጂ እጃቸውን አነሱ። “እኛ ብዙ ተናገርን” አሉ፣ “እንግዳችን ግን ገና ነው። ዳዊት ልጄ፣ አንተ ከእኛ ይልቅ ታውቀዋለህ። የትኛው ይሻለዋል?”

ጅማ በል አለኝ ልቤ። አንዲት ቃል ናት። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ቤቱ ሙሉ ሰው እያየኝ፣ ከዚያ ከፍ ካለ ነደባ ላይ ሆኜ፣ “ልጃችሁን ስጡኝ” ማለት መስሎ ታየኝ። ሲጨንቅ ደግሞ የሚወጣው ያደግንበት ነው። “ለራምዚማ አዲስ አበባ ነው የሚሻለው፣ ሐጂ” አልኩ። “እኔ ብቻዬን አያቅተኝም።”

የእናቴ ቤት ቢሆን ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሰው ታስነሳ ነበር። ኧረ በሞቴ፣ ብቻህንማ አትሄድም፣ ምን ሲደረግ የማይል አይገኝም። እኔም ያንን ነበር የጠበቅሁት። አንድ ሰው በሞቴ ቢለኝ፣ አንዴ እንቢ ብዬ በሁለተኛው እሺ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር።

ሐጂ ግን ፊታቸው በራ። “ማሻአላህ። ምቀኝነት የሌለበት ምክር” አሉ። “ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው።” ወዲያው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ አላህ ኸይር ያድርገው፣ መንገዱን ይክፈትለት። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ባለ ሐለዋው እንኳ፣ ያ የጅማ ጠበቃ፣ አሚን አለ። በዚያ ቤት እንግዳ የተናገረው አይመለስም፣ ዱዓ ከተደረገበት ደግሞ ይበልጥ። ከዚያ ሐለዋ ዞረ። እኔም ያለ ልማዴ ሳልጠየቅ አነሳሁ። ራምዚ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ነበር። ደስታውን እየደበቀልኝ ነው ብዬ እዚያው ላይ እንደገና ቀናሁበት።

ጅማ ብቻዬን ሄድኩ። ማር አለ፤ እናቴ አልተሳሳተችም። በጂፕሰም ጥርስ ላይ ስንለማመድ ከሌሎቹ አላንስም ነበር። ግን ጉድጓድ ስሞላ ሁሉ ራምዚ አዲስ አበባ ላይ የተሻለ አድርጎ ሲሞላ ይታየኛል። በሐሳብ ሁለት ቦታ የሚሠራ እጅ ደግሞ ይስታል። በሦስተኛው ዓመት ትቼ ወደ ሥነ ጽሑፍ ተዛወርኩ። አልጸጸተኝም፤ ለበሽተኞችም መልካም ሆነ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት የራምዚ ወንበር ላይ ተጋድሜያለሁ። መርፌውን ወግቶኝ ግማሽ ፊቴ ጠፍቷል፣ አፌ ተከፍቶ ጥጥ ሞልቶበታል። የጥርስ ሐኪሞች ወሬ የሚወዱት በዚህ ሰዓት ነው። መብራቱን እያስተካከለ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ “የዚያን ዓርብ ዳዊት ይጠየቅ ብዬ ሐጂን የለመንኩት እኔ ነበርኩ” አለ።

አጉረመረምኩ።

“አትናገር፣ ምላስህን ትነክሳለህ” አለ። “አዲስ አበባን እኔ አልፈለግሁትም። ለአጎቴ እንቢ ማለት ከበደኝ። እንግዳ ከተናገረ ግን አጎቴም ዝም ይላል። ነደባ ላይ ያስቀመጡህ ለዚያ ነው። ጅማ ትላለህ ብዬ ዕቃዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።”

ሥራውን ጨርሶ አፌን እስክጉመጠመጥ ጠበቅሁ። በደነዘዘ ከንፈሬ፣ ለምን ያኔውኑ አንዲት ቃል አልተናገርክም አልኩት።

ጓንቱን እያወለቀ፣ “ብቻዬን አያቅተኝም አልክ እኮ” አለ። “አመንኩህ።”

ያ ሁሉ ዘመን ሁለት ምርጫ አለው ብዬ የቀናሁበት ሰው አንድም አልነበረውም። ምርጫው ሐጂ አጠገብ፣ ከፍ ካለው ነደባ ላይ፣ እኔ እጅ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ቅናቱ ይለቀኛል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ስወጣ የሶፊዋ ሴት ገና አግዳሚው ላይ ነበረች። “አልነገርኩህም?” አለችኝ። አሁንማ በጅማው ራምዚም መቅናት ጀምሬአለሁ፤ ከእኔ ጋር ሄዶ በማያውቀው፣ ዕቃውን አዘጋጅቶ በቀረው።

ስለዚህ ሐረር ውስጥ ጥርሳችሁን ካመማችሁ እሱ ጋ ሂዱ፤ ከእሱ የተሻለ የለም። ብቻ ስትወጡ እኔ ዘንድ መጥታችሁ ምንም አልተሰማኝም አትበሉኝ። ለወግ ያልኩት አይደለም፣ በሞቴ ማለትም አያስፈልግም፤ እንደ ሐጂ ቤት ሰዎች ያልኩትን እመኑ።