ሻጋታው ሳይመለስ

አክስቴ የካ ላይ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፎች ሥር ቤት ስታሠራ ከሳሎኑ ይልቅ የደከመችው ለሻወር ቤቱ ነው። ግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ነጭ ሴራሚክ ለበሰ። ከዚያ ተቆለፈ። የእንግዳ ነዋ! እኛ ግቢው ጥግ ካለችው ቆርቆሮ ቤት በባልዲ እንለቃለቃለን። ገላውን ሊታጠብ የመጣ እንግዳ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ክዳን የሌላቸው በርሜሎች ተሞልተው እዚያው ሻወር ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መስኮቱ "አቧራ ያስገባል" ተብሎ አይከፈትም። ክረምቱ ደግሞ የጋራውን ጭጋግ ይዞ ይወርዳል። ሻጋታ ማርባት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። በሴራሚኮቹ መካከል የተሞላው ፉጋ ጠቆረ፤ የመታጠቢያ ገንዳው ዙሪያ ሲሊኮን ጠቆረ። አክስቴ "የሰው ዓይን ነው" አለች።

የልጇ እጮኛ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ የተሰማው ያኔ ነው።

"ቤታቸው ይሸታል ተብሎ ልጄ ስትቀር ቆሜ አላይም" አለችኝ። "ግጥም ስትሞነጭር ከምትውል ያንን ነገር አጥፋልኝ።"

ምላጭ፣ በረኪናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዤ ገባሁ። በረኪናው አስለቀሰኝ፤ ግጥሞቼ እስካሁን ማንንም አስለቅሰው አያውቁም። የፉጋው ጥቁረት ሲፈገፈግ ለቀቀ። የገንዳው ሲሊኮን ግን እስከ ውስጡ በስብሷል።

"እትዬ፣ ይሄ መጀመሪያ ተልጦ መድረቅ አለበት። መስኮቱ ተከፍቶ ጥቂት ቀን ይፈልጋል።"

"ነገ ሽማግሌ አለብኝ፣ አንተ መስኮት ትለኛለህ! ላዩ ላይ ቀባው።"

"በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይወጣል።"

"በሁለት ሳምንት ማን ሊያየው?"

ቀባሁት። ከሾላ ገበያ ያመጣሁትን ነጭ ሲሊኮን በጥቁሩ ላይ እንደ ኬክ ክሬም አሰመርኩት። ያምር ነበር፤ ከጀርባው ምን እንዳለ እንደማይጠየቅ የዋና መንገድ ዳር አጥር።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ውሃም አንቀምስም ብለው ቆሙ። አክስቴ ንጣቱ ብልጭ እንዲል የሻወር ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ ትታዋለች። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ለቤተሰቡ የሚናገረው የአክስቴ ታላቅ ወንድም ነው። የሴት ልጅ ወገን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም፤ ያመላልሳል፤ ክብሩ እዚያ ላይ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንግዲህ እኛም ዘመድ አዝማድ አማክረን... የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱና..."

አክስቴ ሁለት ሳምንት የሚለውን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ በረኪና የነካው መሰለ።

"ሰጥተናል!" አለች።

ወንድሟ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ለሦስት ቀጠሮ የሚሆን ልመና ሰንቀው የመጡት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ልጅቷ ምን ጎድሏት ነው ብለው የጠረጠሩ ይመስለኛል። ልጅቷ ግን ከጓዳ እልል አለች። ለራሷ እልል ያለች ሙሽራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አክስቴ ያላሰበችው ነገር ነበር። ሽማግሌ ከተሰጠው ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ይበላል፤ ከመብላቱ በፊት እጁን ይታጠባል። አንደኛው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ወደ ሻወር ቤቱ አመሩ።

"ኧረ ምን በወጣዎት! እዚሁ ያስታጥብዎታል!" ብላ፣ ለዓመታት "የገጠር ዕቃ" እያለች የደበቀችውን ማስታጠቢያ አስያዘችኝ። በየተራ አስታጠብኳቸው። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ እጃቸውን እያራገፉ፣ "ባህል ያለው ቤት እንዲህ ነው፤ የዘንድሮ ሰውማ ቧንቧ ነው የሚያሳይህ" አሉ። አክስቴ በትሕትና አንገቷን ደፋች።

ከምሳ በኋላ፣ ጠላው ሲደጋገም፣ እኚሁ ሰው ማንንም ሳይጠይቁ ተነሥተው ሻወር ቤቱ ገቡ። ቆዩ። አክስቴ ጭልፋ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሲወጡ ገና ያልደረቀው ሲሊኮን ከኮታቸው እጅጌ ላይ ተጋድሟል።

"እሜቴ" አሉ ጮክ ብለው፣ "ይሄን ነጩን ነገር ከየት ነው የገዛችሁት? የእኛ ቤት ሻጋታ እኮ እስካሁን ራቁቱን ነው!"